መቅረዝ የያዘው መስፍን

ክፍሉ በሻማ ብርሃን ተጥለቅልቋል። ንጉሡ ሊተኛ ነው። የዕለቱ ተረኛ ካህን አንድ መቅረዝ ይዞ ቆሟል፤ ይሁን እንጂ መቅረዙ የሚገፈው ጨለማ የለም። ጸሎቱ እንዳለቀ ንጉሡ ዓይኑን በተሰበሰቡት መኳንንት ላይ ያዞርና አንድ ስም ጮክ ብሎ ይጠራል። የተጠራው ሰው ጓንቱን አውልቆ ወደ ፊት ይወጣል፤ መቅረዙን ከእልፍኝ አሽከሮች አለቃ ይቀበላል፤ ንጉሡ ልብሱን አውልቆ እስኪተኛ ድረስ ለጥቂት ጊዜ ይዞ ይቆማል፤ ከዚያም መልሶ ያስረክባል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም። ግን ያን ምሽት ከዚያ ክፍል የወጣ ሰው ሁሉ መቅረዙን ማን እንደ ያዘ ሳያወራ አያድርም።

በ1702 አንድ ምሽት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሉዊ 14ኛ አፍ የወጣው ስም የሴን ሲሞን መስፍን ስም ነበር። መስፍኑ ያን ጊዜ 27 ዓመቱ ነው። በፈረሰኛ ጦር ውስጥ ሲያገለግል ቆይቶ፣ ከእሱ በኋላ የገቡት ሲሾሙ እሱ በመታለፉ ተቀይሞ፣ ጤናዬ አልተመቸኝም ብሎ ከውትድርና መልቀቁ ነው። ንጉሡ ደግሞ ትተውት የሚሄዱትን ሰዎች አይወድም። በዚያው ምሽት መቅረዙን አስያዘው፤ ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመታት ያህል ፊቱን አዞረበት።

ሴን ሲሞን ይህን ታሪክ የጻፈው ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ፣ ንጉሡም ከሞተ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። መቅረዝ መያዝ ተራ ነገር መሆኑን ራሱ ያምናል፤ ንጉሡ ከባዶ ነገር ክብር የመፍጠር ልዩ ችሎታ እንደነበረውም ይነግረናል። እንዲህ የሚለን ሰው ግን ጓንቱን እንዴት እንዳወለቀ፣ የት ቆሞ እንደነበረ፣ ሰዎቹ እንዴት እንደተገረሙ አንዲት ነገር አልረሳም። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚህ ላይ ነው። ነገሩ ባዶ መሆኑን እያወቀ፣ ያንኑ ባዶ ነገር እስከ እርጅናው ድረስ በልቡ የተሸከመ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው?

የሴን ሲሞንን «ትዝታዎች» ያነበብኩት በእንግሊዝኛ ተመርጦ ከታተመው ነው። ከጎኑ ያስቀመጥኩት የኖርበርት ኤልያስን «የቤተ መንግሥት ማኅበረሰብ» የተባለ ጥናት ነበር። ሁለቱን አብሮ ማንበብ የተለመደ ነው፤ ምክንያቱም ኤልያስ ለጥናቱ ዋና ምስክር አድርጎ የጠራው ሴን ሲሞንን ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ምስክሩ የተናገረውና ዳኛው የሰሙት አንድ አለመሆኑ ነው።

ኤልያስ (1897–1990) አይሁዳዊ ጀርመናዊ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ነበር። ይህን ሥራ በፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ ለመምህርነት ማዕረግ ብሎ ያዘጋጀው በ1933 ነው። በዚያው ዓመት ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ አገሩን ጥሎ ተሰደደ፤ ጥናቱ መጽሐፍ ሆኖ የታተመው በ1969፣ ከ36 ዓመት በኋላ ነው። ክርክሩ ባጭሩ እንዲህ ይላል። የጥንቱ ባላባት ኑሮው ርስትና ጦርነት ነበር። ንጉሡ ግብሩንም ቋሚ ጦሩንም ጠቅልሎ በእጁ ሲያስገባ ባላባቱ የገዛ ኃይሉ ከእጁ ወጣ። የገንዘብ ዋጋ ሲወድቅ ርስቱ አልበቃው አለ። ከ1648 እስከ 1653 የተካሄደው ፍሮንድ የተባለው አመፅ ከከሸፈ በኋላ የቀረው መንገድ ወደ ንጉሡ ደጅ የሚወስደው ብቻ ሆነ። ቤተ መንግሥቱ በ1682 ጠቅልሎ ቬርሳይ ሲገባ፣ ትናንት ጦር ያዘምት የነበረ ሰው ዛሬ ንጉሡ ከእንቅልፉ ሲነሣ ሸሚዝ ለማቀበል የሚሻማ ሆነ። ንጉሡም አንዱን በአንዱ ላይ እያስቀና፣ ሚዛኑን በእጁ ይዞ ገዛ።

ይህ ትልቅ መጽሐፍ ነው። ለምሳሌ አንድ መስፍን የሚያወጣው ገንዘብ በገቢው ሳይሆን በማዕረጉ እንደሚለካ፣ ስለዚህም ቁጠባ ለነጋዴ ምስጋና ሆኖ ለመስፍን ግን ነውር እንደሚሆን ያሳየበት ክፍል በቀላሉ አይረሳም። ሥርዓቱ ንጉሡን ራሱን አስሮ እንደያዘውም ኤልያስ አልሸሸገም። ይሁንና ከመጽሐፉ ወጥቶ በሰው አፍ የሚዞረው ነገር ከዚህ ይልቅ ቀለል ያለ ነው፤ ቬርሳይ የወርቅ እስር ቤት ነበር፣ ባላባቶቹ ደግሞ እስረኞች፣ ይባላል። ለዚህ ዓይነቱ ንባብ ኤልያስ ራሱ በር ከፍቷል ባይ ነኝ።

እስረኛ ማለት በሩ ቢከፈትለት የሚወጣ ሰው ነው። ለሴን ሲሞን በሩ ክፍት ነበር። ላ ፌርቴ የተባለ ርስት ነበረው። ከአባቱ የወረሰው የብላይ ምሽግ ገዥነት ነበረው። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የሚያስረው አንድም የአገልግሎት ሹመት አልነበረውም። ከውትድርናም ለቅቋል፤ ንጉሡም ተቀይሞታል። ሄዶ ደኑን እየተንከባከበ፣ እያደነ መኖር ይችል ነበር። አልሄደም። በ1710 ባለቤቱ የንጉሡ የልጅ ልጅ ሚስት ለሆነችው ለቤሪ መስፍንት ዋና ወይዘሮ ሆና እንድታገለግል ስትጠየቅ፣ ባልና ሚስቱ ሹመቱ ከማዕረጋችን ያነሰ ነው ብለው አጥብቀው ሸሹ፤ በመጨረሻ ግን ተቀበሉ። ከሹመቱ ጋር በቬርሳይ ጥሩ መኖሪያ አገኙ። ሴን ሲሞን ስለ ሹመቱ ያማርራል፤ ስለ መኖሪያው ግን ሲጽፍ ደስታው ይታወቅበታል።

በዚህ ረገድ ሆላንዳዊው የታሪክ ጸሐፊ ዬሩን ዳውንዳም በ1995 ያሳተመው በኤልያስ ላይ የተጻፈ ትችት ብዙ ነገር ያቃናል። አብዛኛው የፈረንሳይ ባላባት ቬርሳይ ኖሮ አያውቅም፤ ስለዚህ ንጉሡ «ባላባቱን» በአንድ ግቢ ዘጋበት ማለት ከመነሻው አይሆንም። ግቢው ውስጥ የነበሩት ታላላቆቹ ደግሞ አገልግሎቱን እንደ ቀንበር አላዩትም፤ እንደ ርስት ያዙት እንጂ። የንጉሡ ታላቅ ባልደራስነት ከ1643 ጀምሮ እስከ አብዮቱ ዘመን ከሎሬን ቤት አልወጣም። የግብር ቤቱ የበላይ አዛዥነት ከ1660 ጀምሮ የኮንዴ መሳፍንት ነበር። ሹመቱ በንጉሡ ፈቃድ ይገዛል፣ ይሸጣል፤ አባት በሕይወት ሳለ ለልጁ ያስጽፈዋል። እንዲህ ያለውን ሹመት ንጉሡ እንደ ልቡ አንሥቶ ለሌላ ሊሰጠው አይችልም። እንግዲህ ማን ማንን እንደያዘ መጠየቅ ተገቢ ይሆናል።

እዚህ ላይ ስለ ቃላት አንድ ነገር ልበል። ባልደራስ፣ እልፍኝ አስከልካይ፣ አጋፋሪ፣ ብላቴና የሚሉት ቃላት ለዚህ ጽሑፍ ሳልፈልጋቸው እጄ ላይ መጡ። አማርኛችን ለእነዚህ ሹመቶች የራሱ ስም ስላለው ነገሩን ማስረዳት ይቀላል። ግን ሁለቱን አገሮች አንድ ማድረግ የእኔ ሐሳብ አይደለም። ቃላቱ የሚጠቅሙኝ አንድ ነገር ለማስታወስ ነው፤ ፈረስ መጠበቅ፣ በር መጠበቅ፣ ማዕድ ማቅረብ፣ ሁሉም በመጀመሪያ የአሽከር ሥራዎች ናቸው። ሸሚዝ የሚያቀብል አሽከር ቢሆን ስሙን የሚጠይቅ የለም። በሉዊ 14ኛ እልፍኝ ሸሚዙን የሚያቀብለው ግን አልጋ ወራሹ ወይም በዚያ የተገኘው ከፍተኛው የንጉሣዊ ደም መስፍን ነው። ሥራው ያው ነው፤ የሚለየው ሠሪው፣ የሚሠራለትና የሚያየው ሰው ነው። በሥራ ራሱን ማዋረድ እንደ ሞት የሚቆጥር ወገን፣ ከሁሉ ያነሰውን ሥራ ለአንድ ሰው ሲሆን ከሁሉ የበለጠ ክብር አደረገው። ይህን ለመረዳት «ተገደዱ» የሚለው ቃል አይበቃም።

ቀደም ያለው ዘመን ለዚህ ነገር ምክንያት ለመስጠት ሞክሯል። ጣልያናዊው ባልዳሳሬ ካስቲሊዮኔ «የቤተ መንግሥት ሰው» የተባለውን መጽሐፉን በ1528 በቬኒስ አሳተመ። መጽሐፉ በ1507 በኡርቢኖ ቤተ መንግሥት በአራት ምሽቶች የተካሄደ ጨዋታ ሆኖ የቀረበ ነው። ካስቲሊዮኔ ራሱ ዕድሜውን ሙሉ አገልጋይ ነበር፤ ለማንቱዋ ጌቶች፣ ለኡርቢኖ መስፍን፣ በመጨረሻም ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ አገልግሎ በ1529 በስፔን አገር በቶሌዶ ሞተ። ከመጽሐፉ ሁሉም ሰው የሚያስታውሰው ስፕረዛቱራ የሚለውን ነው፤ ብዙ የተደከመበትን ነገር ምንም እንዳልተደከመበት አስመስሎ ማሳየት ማለት ነው። አራተኛው ምሽት ላይ ግን ጥያቄው ይመጣል፤ ይህ ሁሉ ጭፈራ፣ ይህ ሁሉ ጨዋታ አዋቂነት ለምን ይበጃል? መልሱ፣ የቤተ መንግሥቱ ሰው በዚህ ሁሉ የጌታውን ፍቅር የሚያተርፈው እውነቱን ሊነግረውና ወደ በጎ ሥራ ሊመራው ነው፣ የሚል ነው።

በኡርቢኖ ቢያንስ እንዲህ ተብሎ ይታሰብ ነበር። ከ150 ዓመት በኋላ ቬርሳይ ስንደርስ ጥበቡ ሁሉ አለ፤ አካሄዱ፣ አነጋገሩ፣ አቋቋሙ ተሟልቷል፤ ዓላማው ግን የለም። ለሉዊ 14ኛ እውነቱን ንገረው ብሎ ሴን ሲሞንን የሚልክ ማንም የለም። ቀርቶ የተገኘው መታየት ብቻ ነው። ንጉሡ በአዳራሽ ሲያልፍ ማን እንዳለ ማን እንደሌለ ልቅም አድርጎ ያያል፤ የቀረ ሰው ጉዳይ ሲነሣ አላየሁትም ይላል፤ ያ ቃል ፍርድ ነው። እንግዲህ የቬርሳይ አገልግሎት እጅግ የነጠረው መልክ ይህ ነው፤ ዓይን ውስጥ መገኘት።

ይህን ሁሉ ከሴን ሲሞን የተሻለ ያየ የለም፤ ከራሱ ቤት ታሪክ ላይ ሲደርስ ግን ዓይኑ ይፈዛል። አባቱ ክሎድ የሉዊ 13ኛ ብላቴና ነበር። ንጉሡ አደን ይወዳል፤ ፈረስ ሲቀይር መዘግየት አይወድም። ብላቴናው አንድ ዘዴ አመጣ፤ ሁለተኛውን ፈረስ ራሱን ወደ መጀመሪያው ፈረስ ጭራ አዙሮ አቆመለት። ንጉሡ መሬት ሳይረግጥ ካንዱ ወደ ሌላው ዘለለ፤ ደስም አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን ልጅ መጠየቅ አበዛ። ክሎድ በ1635፣ ገና በወጣትነቱ፣ የፈረንሳይ መስፍን ተባለ፤ በዘውዱ ዙሪያ ከሚቆሙት ፔር ከሚባሉት ታላላቆች አንዱም ሆነ። በዘመኑ ሐሜት በመሰብሰብ የታወቀው ታልማን ደ ሬዮ ደግሞ ንጉሡ ብላቴናውን የወደደው ጥሩንባ ሲነፋ ውስጡ ምራቅ ስለማይተውበት ነው ይላል። ከሁለቱ የትኛውም እውነት ቢሆን መስፍንነቱ የመጣው ከፈረስ ጋጥና ከአደን ሜዳ ነው።

የፈረሱን ታሪክ የሚነግረን ልጁ ራሱ መሆኑ አስደናቂ ነው። በፍቅርና በኩራት ነው የሚነግረን። ይኸው ሰው ግን ሉዊ 14ኛ ሚኒስትሮቹን ከተራ ቤተሰብ እያነሣ ሾመ ብሎ በመቶዎች በሚቆጠሩ ገጾች ይቆጣል። የእኛ ዘር ከቬርማንዷ ቤት ይወርዳል፣ በእሱም በኩል ከሻርለማኝ ደም ነን፣ ብሎ ያምናል። በ19 ዓመቱ፣ በ1694፣ ማርሻል ሉክሰምቡር ከመሳፍንቱ መካከል ከ18ኛ ደረጃ ወደ ሁለተኛ ልሻገር ብሎ ሲከስ፣ ሴን ሲሞን ከተቃዋሚዎቹ ጋር ቆመ። ማርሻሉ የጦር ሜዳ ጀግና ነው፤ የሴን ሲሞን የጦር አለቃም ነበር። ለወጣቱ መስፍን ግን ከድል ይልቅ የተቀመጡበት ቅደም ተከተል ይበልጥበታል። የፓሪስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የመሳፍንቱን ድምፅ ሲጠይቅ ቆቡን አያወልቅም ተብሎ ለዓመታት የተካሄደው ሙግትም አለ። መስፍንቶች በንግሥቲቱ ፊት በበርጩማ የመቀመጥ መብት ነበራቸው፤ ስለዚያ በርጩማ የፈሰሰው ቀለም ስንት እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ለእኔ የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር ይህ ነው። አገልግሎቱ የባላባቱን ማንነት አልነጠቀም፤ ሠራው እንጂ። ከሠራው በኋላ ግን ባላባቱ የተሠራበትን ነገር ካደ፤ ስሙን ደም አለው። የአባት አገልግሎት በልጅ ጊዜ ዘር ይሆናል፤ የጎረቤት አገልግሎት ግን ሁልጊዜ አሽከርነት ነው። ኤልያስ ንጉሡ ሰዎችን እንዴት እንዳሰረ በጥሩ ሁኔታ ያሳየናል። ሰዎቹ ማሰሪያውን እንዴት አጊጠውበት ለልጆቻቸው እንዳወረሱት ግን በቂ ቦታ አልሰጠውም። የወርቅ እስር ቤት የሚለውን አባባል የማልወደውም ለዚህ ነው። እነዚያን ሰዎች ምስኪን ያደርጋቸዋል፤ እኛን አንባቢዎቹን ደግሞ እንደ ነጻ ሰው እንድንታበይ ያደርገናል።

ሴን ሲሞንም ቢሆን ድል አድርጎ ያውቃል። ሉዊ 14ኛ በ1715 ሞተ። የልጅነት ወዳጁ የኦርሌአን መስፍን እንደራሴ ሆኖ አገር ሲያስተዳድር፣ ነሐሴ 26 ቀን 1718፣ ሟቹ ንጉሥ ከጋብቻ ውጪ የወለዳቸው ልጆች ከመሳፍንቱ በላይ ተሰጥቷቸው የነበረው ደረጃ በአዋጅ ተነሣ። ሴን ሲሞን በዚያ ጉባኤ ተቀምጦ የሚያየውን ይጽፋል። ሰውነቱ ደስታውን መሸከም አቅቶት ልቡ ሊስት እንደነበር ሳይሸሽግ ይናገራል። በጽሑፍ ኃይል ይህን ክፍል የሚስተካከል ጥቂት ነው። አንባቢ ግን መጽሐፉን አስቀምጦ፣ ለመሆኑ በዚያ ቀን ለፈረንሳይ ምን ተደረገላት? ብሎ ቢጠይቅ መልስ አያገኝም። ገበሬው ከዚያ አዋጅ ያገኘው ነገር የለም። በጉዳዩ የተለወጠው ማን ከማን ቀድሞ እንደሚቀመጥ ነው። ያ ደግሞ ለጸሐፊው ከመንግሥት ጉዳይ ሁሉ የሚበልጥ ነው። የመጽሐፉ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው፤ 20 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያለባትን አገር በአንድ ግቢ መስኮት ብቻ ያያል።

ይሁንና መጽሐፉን ጥዬ እንዳልነሣ ያደረገኝ ሌላ ነገር አለ። ሴን ሲሞን ማስታወሻ መጻፍ የጀመረው በ1694 በራይን ወንዝ አጠገብ በጦር ሰፈር ሳለ ነው። ቀን በአዳራሹ እጅ ይነሣል፤ ማታ በሩን ዘግቶ ይጽፋል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ነፍሴን ይጎዳት ይሆን ብሎ ሠግቶ በ1699 የላ ትራፕ ገዳም አበምኔት የነበሩትን አባ ራንሴን ምክር ጠየቀ። የመጨረሻውን ሙሉ ሥራ የጻፈው ከ1739 ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ፈጅቶ ነው። ለዚህም የሌላ የቤተ መንግሥት ሰው፣ የዳንዦ፣ የየዕለት ማስታወሻ መነሻ ሆኖታል። ዳንዦ ምንም ሳይተች የሆነውን ብቻ ያሰፍር ነበር፤ ሴን ሲሞን በዳንዦ ተናደደ፤ ቁጣውም መጽሐፍ ሆነ።

ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ እንላለን። ሴን ሲሞን ንጉሡን ከሰሰ፤ ክሱ ግን ንጉሡም እሱም ካለፉ በኋላ የሚነበብ ነበር። መስፍኑ በ1755 ሞተ። ሁለቱ ወንዶች ልጆቹ ቀድመውት ስለሞቱ፣ ዕድሜ ልኩን የተሟገተለት መስፍንነት አብሮት ተቀበረ። ጽሑፉን መንግሥት በ1760 ወስዶ በውጭ ጉዳይ መዝገብ ቤት ቆለፈበት። እውነተኛው እትም ለአንባቢ የደረሰው ከ1829 ወዲህ ነው፤ በዚያን ጊዜ ቬርሳይ ባዶ ነበር፤ አብዮቱ አልፎ፣ በርጩማውም መቅረዙም ትርጉም አጥተው ነበር።

ታዲያ የዚህን ሰው ዋጋ እንዴት እንመዝን? ባሪያ ነበር ብሎ መተው ቀላል ነው። ነጻ መንፈስ ነበር ብሎ ማሞገስም ቀላል ነው፤ በምሥጢር ጽፏልና። ሁለቱም አያዋጡም። አይቶ ማወቅ ነጻ እንደማያወጣ ያሳየን ሰው ነው ብል ይሻለኛል። የንጉሡን ጨዋታ ሕጉን ያወቀ፣ ባዶነቱን የጻፈ፣ ግን ስሙ ሲጠራ ጓንቱን ያወለቀ ሰው። ከኤልያስ ሥርዓቱን እንማራለን፤ ከሴን ሲሞን ግን ሥርዓቱ በአንድ ሰው ልብ ውስጥ እንዴት እንደሚሞቅ እንማራለን። ሁለተኛው ለመማር የበለጠ ያስፈራል።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ሉዊ 13ኛ የሞተው ግንቦት 14 ቀን 1643 ነበር። የሴን ሲሞን አባት በየዓመቱ በዚያ ቀን ወደ ሴን ዴኒ ቤተ ክርስቲያን እየሄደ የሙት ዓመቱን ጸሎት ያደርስ ነበር። ልጁም ይህን ወረሰ፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ሄደ። እንደሚነግረን ከሆነ፣ ያ ንጉሥ ካከበራቸው ቤቶች ሁሉ በዚያ ቀን የሚመጣ ሌላ ሰው አያይም ነበር። እዚያ ንጉሡ አያይም፤ ስም አይጠራም፤ መቅረዝ አያስይዝም። በቬርሳይ ያለው አገልግሎት ሁሉ መታየትን የሚሻ ሆኖ ሳለ፣ ይህ አንዱ ማንም የማያየው ነበር። መስፍኑ እውነተኛ ባላባት የሆነበትን ሰዓት አሳየኝ ብባል፣ መቅረዝ የያዘበትን ምሽት ትቼ ይህንን እመርጣለሁ።